ከ14 ልምምዶች የሠሩት 3 ብቻ ናቸው፦ የአሮጌ ኮድ ጥገና ማስታወሻ

ቀን 1፣ ማታ

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዳታ ትንተና ለሚጀምሩ ልጆች የሚሆን ልምምድ ሲፈልግ ነበር። «አንተ የተማርክበት ነገር የለህም?» አለኝ። አለኝ እንጂ! ከድሮ ሃርድ ዲስክ ውስጥ አንድ ፎልደር ቆፍሬ አወጣሁ። 14 የጁፒተር ፋይሎች (ኮዱ ከነማብራሪያውና ከነውጤቱ የሚቀመጥባቸው) አሉበት፣ ከልምምድ 1 እስከ ልምምድ 14። ስማርባቸው ሁሉም እንደ ውሃ ይፈስሱ ነበር። «ነገ እልክልሃለሁ» አልኩት።

ከመላኬ በፊት ለወጉ ያህል አንዴ ላስኪዳቸው ብዬ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሬ ላይ ያለው የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተን 3.12 ነው፤ ላይብረሪዎቹም (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸው የኮድ ስብስቦች) አዳዲስ ናቸው። ከ14ቱ እስከ መጨረሻ የሄዱት 3 ናቸው። የቀሩት መንገድ ላይ ወደቁ። ልምምድ 1 ጭራሽ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው የቆመው።

መስመሩ «ፒፕ ኢንስቶል ኤስኬለርን» ይላል። ፒፕ የፓይተን ላይብረሪ መጫኛ ነው፤ ኤስኬለርን ደግሞ ከዳታ የሚማሩ ሞዴሎች የሚሠሩበት ላይብረሪ። ኮድ ውስጥ ስንጠራው ኤስኬለርን ነው፤ ሲጫን ግን ሙሉ ስሙን ሳይኪት-ለርን ብለን መጻፍ አለብን። ድሮ በአጭሩ ስም ብትጠራውም ወደ ዋናው ያሻግርህ ነበር። አሁን «ትክክለኛውን ስም ጻፍ» ብሎ ይመልስሃል። አንድ ቃል ቀየርኩ፣ አለፈ።

ከዚያ ስንፍና መጣብኝ። ኮዱን አንድ በአንድ ከማስተካክል አሮጌውን ፓንዳስ (የዳታ ሰንጠረዥ የሚሠራበትን ላይብረሪ) ብጭንስ? ፓንዳስ 0.23 ብዬ አዘዝኩ። ተርሚናሉ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀይ ጽሑፍ ሲተፋ ቆየና ሞተ። ምክንያቱ ሲገባኝ ቀላል ነው። የድሮው ፓንዳስ ሲወጣ ፓይተን 3.12 አልነበረም፤ ስለዚህ ለእሱ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ፋይል የለም። ፒፕ ያንን ሲያጣ ከምንጩ ልገንባው ይላል፣ እዚያም ይሰናከላል።

ደግነቱ አልተሳካም። ነገ ጠዋት የምሠራበት ፕሮጀክትም የሚጠቀመው እዚሁ ኮምፒውተር ላይ የተጫነውን ፓንዳስ ነው፤ ቢሳካ ኖሮ አዲሱ በአሮጌው ይተካበት ነበር። ልምምድ ላድን ብዬ እንጀራዬን ልሰብር ነበር።

ቀን 2

ዛሬ ኮድ አልነካሁም። የፋይሎቹን ዕድሜ ስፈልግ ዋልኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

የልምምዶቹ ጸሐፊ ቀን አልጻፈም፣ የቨርዥን ዝርዝርም አላስቀመጠም። ኮዱ ራሱ ግን ዕድሜውን ያወራል። ከጥቅሱ ፊት «ኤፍ» የተለጠፈባቸው ጽሑፎች አሉ። ይህ አጻጻፍ ከፓይተን 3.6 ጋር በ2016 መጨረሻ ነው የመጣው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት አልተጻፈም። ልምምድ 4 ደግሞ ፓንዳስ ውስጥ «አይኤክስ» በሚባለው መምረጫ ይሠራል። እሱ በጃንዋሪ 2020 ፓንዳስ 1.0 ሲወጣ ተወግዷል። ልምምድ 6 የበለጠ አጠበበልኝ፦ ዕቃውን «ክሮስ ቫሊዴሽን» ከሚባል የሳይኪት-ለርን ክፍል ነው የሚያመጣው። ያ ክፍል 0.20 ላይ፣ በሴፕቴምበር 2018 ጠፍቷል። ከ2016 መጨረሻ እስከ 2018 አጋማሽ አካባቢ ማለት ነው።

እንደ መርማሪ ትንሽ ተኮፈስኩ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የጁፒተር ፋይል እኮ ተራ ጽሑፍ ነው። ልምምድ 6ን በጽሑፍ ማረሚያ ከፍቼ እስከ ታች ወረድኩ። መጨረሻው አካባቢ ፋይሉ የተቀመጠበት ፓይተን ቁጥር ቁጭ ብሏል፦ 3.6.5። ማርች 2018 የወጣ ነው። አንድ ሰዓት የለፋሁበት መልስ እዚያው ተጽፎ ነበር።

ስለ ቁጥር ከተነሳ አይቀር፣ ጀማሪ ሆኜ ያሳሳተኝን ልጻፍ። የቨርዥን ነጥብ የሒሳብ ነጥብ አይደለም። 3.10 ከ3.9 በኋላ ነው የመጣው፤ 0.20ም ከ0.3 ይበልጣል። በየነጥቡ መካከል ያለውን ቁጥር ለየብቻ ማንበብ ነው። ይህን የማያውቅ ፕሮግራምም አለ፤ 3.10ን ጥቅስ ውስጥ ሳያስገቡ የማዋቀሪያ ፋይል ላይ ሲጽፉት 3.1 አድርጎ የሚያነብ አጋጥሞኛል።

ልምምድ 6 ላይ ሌላም ነገር አየሁ። ከኮዱ ሥር ከነውጤቱ የተቀመጠ ሮዝ ሳጥን አለ። «ይህ ክፍል ከ0.18 ጀምሮ እንዲቀር ተወስኗል፣ በ0.20 ይወገዳል፣ በምትኩ ሞዴል ሴሌክሽንን ተጠቀም» ይላል። የዛሬው ችግሬም መፍትሔውም ከነቁጥሩ ያን ጊዜ ተነግሮን ነበር። ጸሐፊው ምን አደረገ? ከልምምድ 7 ጀምሮ የየፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ማስጠንቀቂያዎችን ሁሉ ዝም የሚያሰኝ ትዕዛዝ ነው። ልወቅሰው አልችልም። ያን መስመር እኔም ለዓመታት ስገለብጠው ኖሬያለሁ።

ማታ በኮንዳ (የተለያዩ ቨርዥኖችን ሳይነካኩ ለየብቻ በሚያስቀምጥ መሣሪያ) አንድ የተነጠለ ቦታ ሠራሁ። ፓይተን 3.6፣ ፓንዳስ 0.22፣ ሳይኪት-ለርን 0.19.1፣ ነምፓይ (የቁጥር ስሌት ላይብረሪ) 1.14። ሁሉም የዚያን ጊዜ ጓደኛሞች ናቸው። ፓይተን 3.6 ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የደኅንነት ጥገና አያገኝም፤ ስለዚህ ለማየት እንጂ ለመኖር አይሆንም። ስሙን «አሮጌው ቤት» አልኩት። በአሮጌው ቤት 13ቱ ልምምዶች ሠሩ። ልምምድ 14 ብቻ ቀረ፤ ዳታውን ከኢንተርኔት ያወርዳል፣ አድራሻው ሞቷል። ይህን የቨርዥን ለውጥ አይፈውሰውም።

እቅዴ እንግዲህ ይህ ነው። ልጆቹን 2018 ላይ አላስቀምጣቸውም፤ ኮዱን ወደ አዲሱ ቤት አመጣዋለሁ። አንድ ልምምድ ባስተካከልኩ ቁጥር ውጤቱን ከአሮጌው ቤት ጋር አስተያያለሁ። ከተመሳሰለ «ተስተካክሏል» ብዬ ምልክት አደርጋለሁ። (ይህን ዓረፍተ ነገር ቀን 4 ላይ ተመልሼ አንብቤው አፍሬያለሁ። ግን አልሰርዘውም።)

ቀን 3

ሥራ ተጀመረ።

ልምምድ 3። በሉፕ (በሚደጋገም ኮድ) ውስጥ ሰንጠረዥ ላይ ረድፍ ይጨምራል፣ በ«አፔንድ»። ፓንዳስ 2.0 በኤፕሪል 2023 ሲወጣ አፔንድን አስወግዷል። ኤረሩ «ይህ ሰንጠረዥ አፔንድ የሚባል የለውም» ካለ በኋላ «‹_አፔንድ› ለማለት ፈልገህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከፊቱ የታች ሰረዝ ያለበት ማለቱ ነው። ምክሩ የፓንዳስ ሰዎች አይደለም፤ ፓይተን ራሱ ነው ተቀራራቢ ስም ፈልጎ የሚገምተው። ሰረዟን ብጨምር ይሠራል። ሞክሬዋለሁ፣ ሠርቷል። ነገር ግን በሰረዝ የሚጀምር ስም የቤቱ የውስጥ ዕቃ ነው፤ ባለቤቶቹ ማንንም ሳይጠይቁ ነገ ያነሱታል። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ የሚባለው ለዚህ ነው።

ትክክለኛው መንገድ «ኮንካት» ነው። ያውም በሉፑ ውስጥ አይደለም። ረድፎቹን መጀመሪያ ተራ ዝርዝር ውስጥ ሰብስቦ በመጨረሻ አንዴ ማያያዝ ነው። አፔንድ በዞረ ቁጥር ሰንጠረዡን በሙሉ ይገለብጠው ነበር፤ ለዚህ ነው ረድፉ ሲበዛ ኮዱ የሚያዘግመው። የተወገደውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ልምምድ 4። «አይኤክስ» ያልኩት። ይሄኛው ተንኮለኛ ነው። በምትኩ ሁለት አሉ፦ «ሎክ» በስም ይመርጣል፣ «አይሎክ» በተራ ቁጥር። ኮዱ ከ0 እስከ 5 ስለሚል ቁጥር ነው ብዬ አይሎክ አደረግሁት። ኤረር የለም። 5 ረድፍ ወጣ። አሮጌው ቤት ውስጥ ያለው ግን 6 ረድፍ ነው። የረድፎቹ ስም ራሱ ቁጥር ሲሆን አይኤክስ በስም ነበር የሚመርጠው፤ በስም ሲመረጥ ደግሞ መጨረሻው ይካተታል። ወደ ሎክ ቀየርኩት፣ 6 ሆነ። የማስተያየቱ ዘዴ እዚህ ጋ በደንብ አገለገለኝ። ለዚህም ይሆናል በኋላ ያን ያህል ያመንኩት።

ልምምድ 6፣ ሮዙ ሳጥን እንዳለው አደረግሁ። አንድ ደቂቃ።

ልምምድ 7 የቦስተን ቤቶች ዋጋ የሚባለውን ታዋቂ ዳታ ይጠራል። ሳይኪት-ለርን 1.2 ላይ፣ በ2022 መጨረሻ ወጥቷል። ይሄኛው የተወገደው በቴክኒክ ጉዳይ አይደለም። ከዓምዶቹ አንዱ የዘር መለያየት የቤት ዋጋን ከፍ ያደርጋል በሚል ግምት የተሠራ ነው። ኤረሩ ራሱ ይህን አብራርቶ በምትኩ የካሊፎርኒያን የቤት ዳታ ይጠቁማል። ካነበብኳቸው ኤረሮች ሁሉ ረጅሙና ጨዋው ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ዳታውን ቀየርኩ፣ ማብራሪያውንም እንደገና ጻፍኩ። እዚህ የማስተያየው ነገር የለም።

ልምምድ 8፣ የሲቦርን (የግራፍ መሳያ ላይብረሪ) «ዲስትፕሎት»። ገና አልሞተም፣ ግን እየተሰናበተ ነው። በ«ሂስትፕሎት» ተካሁት። ግራፉ ላይ የነበረው ጠመዝማዛ መስመር ጠፋ፤ የቁመቱ መለኪያም ከጥግግት ወደ ቆጠራ ተቀየረ። መስመሩን ከፈለጉት በግልጽ ማዘዝ ነው። አዘዝኩ።

ልምምድ 11፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት። የአንድ ሱቅ የሽያጭ ፋይል ነው፤ በየቀኑ አንድ ረድፍ። የቀን ዓምዱን ከጽሑፍ ወደ ቀን ይለውጣል። ኤረር፦ «13/01/2017 ከተገመተው አጻጻፍ ጋር አይሄድም፣ ቦታ 12 ላይ»። ኤረሩ ከሥሩ ሦስት አማራጭ ይሰጣል። ሦስተኛው እያንዳንዱን ለየብቻ ገምት የሚል ነው፤ «ሚክስድ» ይሉታል። እሱን ጻፍኩ። ሠራ። ግራፉ ከአሮጌው ቤት ግራፍ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ተስተካክሏል። ተኛሁ።

ቀን 4

ዛሬ አንድም ያልወደቁትን 3 ልምምዶች ለማየት ወሰንኩ። ኤረር ስለሌላቸው እስካሁን ዞር ብዬ አላየኋቸውም። ሁለቱ ደህና ናቸው።

ልምምድ 9 ግን ራንደም ፎረስት የሚባለውን፣ ከብዙ የውሳኔ ዛፎች የሚገነባውን ሞዴል ያሠለጥናል። የልምምዱ ጽሑፍ «ትክክለኛነቱ 0.81 ነው» ይላል። እኔ ጋ 0.84 ወጣ። የዕድል ቁጥሩ (በዘፈቀደ የሚመረጠውን በየጊዜው አንድ ዓይነት የሚያደርገው) ያው፣ ዳታው ያው፣ ኮዱ ያው። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያም የለም። ቀኑን ሙሉ የበላኝ ይሄ ነው።

ነገሩ ያልተጻፈው ላይ ነው። ኮዱ ስንት ዛፍ እንደሚፈልግ አይናገርም። ሳይናገሩ ሲቀር የሚያዘው ቁጥር ድሮ 10 ነበር። ከሳይኪት-ለርን 0.22 ጀምሮ፣ ከ2019 መጨረሻ ማለት ነው፣ 100 ሆኗል። (ይህ 0.22 ከላይ ካለው የፓንዳስ 0.22 ጋር አይገናኝም፤ ቁጥሩ ነው የገጠመው።) 10 ብዬ በግልጽ ስጽፍ ውጤቱ ወደ 0.81 ተጠጋ። ለልጆቹ 100ን አስቀመጥኩ፣ ግን በግልጽ ተጽፎ። ጽሑፉንም አረምኩ።

እና ይህን ሳደርግ አንድ ነገር ጎረበጠኝ። እዚህ ጋ ከአሮጌው ቤት ጋር ያልተመሳሰለው ውጤት የተሻለው ነው። ታዲያ ሲመሳሰልስ? ማታ የመሰለልኝ ልምምድ 11 ነው። ተመልሼ ከፈትኩት።

ግራፉን አሁን በደንብ አየሁት። ፋይሉ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31፣ 2017 ያለ ነው፤ 90 ረድፍ። ግራፉ ግን እስከ ዲሴምበር ይሄዳል። የልምምዱ ጽሑፍም «ከማርች በኋላ ሽያጩ እንዴት እንዳሽቆለቆለ ልብ በሉ» ይላል። ከማርች በኋላ ሽያጭ ከየት መጣ? ወሮቹን ቆጠርኩ። ከኤፕሪል እስከ ዲሴምበር በእያንዳንዱ ወር ልክ 3 ቀን አለ፦ 1ኛው፣ 2ኛውና 3ኛው። ሌላ ቀን የለም።

ከዚያ ገባኝ። ፋይሉ ቀን አስቀድሞ ወር ያስከትላል። ፓንዳስ ካልነገሩት መጀመሪያ ያለውን ቁጥር ወር ነው ብሎ ይገምታል። 05/02፣ ፌብሩዋሪ 5 መሆኑ ቀርቶ ሜይ 2 ሆነ። 13/01 ላይ ሲደርስ 13ኛ ወር በእነሱ አቆጣጠር ስለሌለ አሮጌው ፓንዳስ ድምፁን አጥፍቶ ያንን ረድፍ ብቻ ገለበጠና ጃንዋሪ 13 አለው። አንድ ዓምድ ውስጥ ሁለት ዓይነት አነባበብ። በየወሩ እስከ 12ኛው ቀን ያሉት ሁሉ ተገለባብጠዋል፤ ቀኑና ወሩ አንድ የሆኑት 3ቱ ብቻ ተርፈዋል። ከ90 ረድፍ 33ቱ የተሳሳተ ቀን ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው።

ፓንዳስ 2.0 ይህን ቀይሮታል። የመጀመሪያውን ረድፍ አይቶ አንድ አጻጻፍ ይገምታል፣ ከዚያ ሁሉንም በዚያው ይለካል። ለዚህ ነው ቦታ 12 ላይ የጮኸው፤ ከዜሮ ሲቆጠር 12ኛው 13ኛው ረድፍ ነው፣ ጃንዋሪ 13። ትክክል ነበር የጮኸው። እኔ ነኝ «ሚክስድ» ብዬ አፉን የያዝኩት።

የቀኑን አጻጻፍ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብዬ በግልጽ ነገርኩት። ግራፉ ማርች 31 ላይ ቆመ። ሽያጩ አላሽቆለቆለም፤ እንዲያውም ማርች ላይ ትንሽ ከፍ ብሏል። «ልብ በሉ» የሚለውን አንቀጽ አጠፋሁት። እኔም ስማር ልብ ብዬው ነበር። ያን ጊዜ ከግራፉ ሥር በራሴ አጻጻፍ ማስታወሻ ጨምሬ ነበር፦ «ሽያጭ ቀንሷል»።

ቀን 5

ልምምድ 14 ወጣ። 13ቱን እንደገና ከአንድ እስከ መጨረሻ አስኬድኳቸው። ማስጠንቀቂያ የሚያፍነውን መስመር ከሁሉም ላይ አነሳሁ። ከፎልደሩ ጋር የላይብረሪዎቹን ዝርዝር ከነቁጥራቸው አስቀመጥኩ፣ በሁለት እኩል ምልክት የታሰረ (ያው ቁጥር ብቻ እንዲጫን)። የተጻፈበትንም ቀን ከላይ አደረግሁ። ላክሁለት።

ከ20 ደቂቃ በኋላ መልስ መጣ። «ወንድሜ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ፓንዳስ የለም ይላል። ግን ጭኜዋለሁ!»

ተርሚናል ላይ የጫነውን አሳየኝ። እውነት ነው፣ ተጭኗል። እዚያው ጁፒተር ውስጥ ፓይተኑ የት እንደተቀመጠ የሚያሳይ መስመር እንዲያስኬድ ነገርኩት፤ «ሲስ» በሚባለው የፓይተን ክፍል ውስጥ «ኤክሰኪዩተብል» የሚለው ነው። ተርሚናሉም ላይ እንዲሁ። ሁለት የተለያዩ መንገዶች ወጡ። ፓንዳስን የጫነው አንደኛው ፓይተን ላይ ነው፣ ጁፒተሩ የሚጠቀመው ሌላኛውን። ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን የከርነል (ኮዱን የሚያስኬደው ፓይተን) ስም ተጭኖ ትክክለኛውን መረጠ።

አሁን ልምምድ 5 ላይ ነው።